የጉበትን ብረት ሳይቆርጡ መመዘን፦ ኤምአርአይ እንዴት ይለካዋል?



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ስለ ብረት እንማማራለን። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ለሚማር ሰው ብረት እንግዳ አይደለም። ክፍለ ከተማችን ከድሮ ጀምሮ የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ብረት ይቀልጥበታል፣ ይቀረጽበታል፣ በጭነት መኪና ተመዝኖ ይወጣበታል። የቁርኣን 57ኛው ሱራም ስሙ «አል-ሐዲድ»፣ ማለትም ብረት ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን በሰው ጉበት ውስጥ ያለውን ብረት ነው። ሲበዛ ምን ያደርጋል? ብዛቱስ ሰውየውን ሳይቆርጡ እንዴት ይታወቃል?

የሜካኒካል ተማሪዎች ጥያቄውን ቶሎ ይረዱታል። አንድ የተበየደ ቧንቧ ውስጡ ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ ቧንቧውን መስበር አይገባም፤ በአልትራሳውንድ ወይም በኤክስሬይ ይታያል። ሐኪሙም በጉበት ላይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ሳይሰብር መመርመር፣ ሳይገምት መመዘን። የዛሬው ትምህርት ዋና ነጥብም ይኸው ነው። በሰውነት ውስጥ ያለ ብረት ቢበዛም ቢያንስም ይጎዳል፤ ስለዚህ በግምት ሊታከም አይገባም።

ብረት ለምን ይከማቻል?

የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው አካል በጠቅላላ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይይዛል። አብዛኛው ያለው በደማችን ውስጥ ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። ከምግብ በየቀኑ ወደ ሰውነታችን የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ በቆዳና በአንጀት ሽፋን መርገፍ የሚወጣውም ያንኑ ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ልብ እንበል። ጨው ሲበዛ ኩላሊት ያስወጣዋል። ለተረፈ ብረት ግን ሰውነታችን የተለየ ማስወጫ መንገድ የለውም። በሩ የሚጠበቀው በመግቢያው ነው፤ አንጀት የሚያስገባውን መጠን ይቆጣጠራል። ብረቱ ይህን በር አልፎ በሌላ መንገድ ከገባ ወይም የበሩ ጠባቂ ከተበላሸ ትርፉ ይከማቻል። የመጀመሪያው ጎተራ ደግሞ ጉበት ነው።

ጎተራው ሲሞላ የጉበት ሕዋሳት ይጎዳሉ፣ ጠባሳ ይሠራል፣ በስተመጨረሻም ጉበቱ ይጠነክራል፤ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ብረቱ ወደ ልብ ከተሻገረ የልብ ድካም፣ ከጨጓራ ጀርባ ወዳለው የኢንሱሊን ዕጢ ወደ ቆሽት ከተሻገረ የስኳር በሽታ ያስከትላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ለዓመታት ሕመም ሳይሰማ ነው።

ጤፍ፣ ውድማና የጋን ጥያቄ

«እኛ ኢትዮጵያውያን እንጀራ እንበላለን፤ ጤፍ ደግሞ ብረት ይበዛበታል፤ ታዲያ ጉበታችን አይሞላም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ጥያቄው የቆየ ነው። የስዊድን ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በኢትዮጵያ ከፍተኛ የብረት አወሳሰድና በደም ሁኔታ ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል። በ1976 ደግሞ መሐሪ ገብረ መድህንና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ በእርግዝና ወቅት የሚመጣ ደም ማነስ ብርቅ መሆኑን ጽፈዋል። በጊዜው ኢትዮጵያዊው በቀን የሚወስደው ብረት ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ነበር። ሆኖም በብረት የተሞላ ጉበት የአገሪቱ የተለመደ በሽታ ሆኖ አልተገኘም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በጤፉ ላይ ከሚገኘው ብረት ብዙው የሚመጣው ከአፈር ነው። እህሉ በውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ አፈሩ ይቀላቀልበታል። የአፈር ብረት ደግሞ በቀላሉ ስለማይሟሟ አብዛኛው በአንጀት አልፎ ይወጣል።

ይህን ከደቡብ አፍሪካ ታሪክ ጋር እናነጻጽረው። እ.ኤ.አ. በ1929 ስትራካን የተባለ ሐኪም በጆሃንስበርግ በርካታ ሰዎች ጉበታቸው በብረት ተሞልቶ ማግኘቱን ጻፈ። በኋላ እንደተረዳው ዋናው ምንጭ በብረት በርሜልና ማሰሮ የሚጠመቅ አካባቢያዊ ቢራ ነበር። ጎምዛዛው ጠላ የዕቃውን ብረት ያሟሟዋል፤ የሟሟ ብረት ደግሞ በቀላሉ ይገባል። ቆየት ብሎ የዘር ድርሻም ሊኖር እንደሚችል ተጠቁሟል። ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነው፦ የተበላው መጠን ብቻውን በጉበት ውስጥ ያለውን አይነግረንም።

ዛሬ በአገራችን ሰፊው ችግር የብረት መብዛት አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ ደም ማነስ ነበረባቸው። ደም ማነስ ሁሉ የብረት ማነስ ባይሆንም፣ የብረት ማነስ ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ ነው።

ታዲያ የሚያሰጋው ማንን ነው?

በዋናነት ደም ደጋግመው የሚወስዱ ሕሙማንን ነው። መቅኔያቸው ደም ማምረት ያቆመባቸው፣ የደም ካንሰር ያለባቸው፣ እንደ ታላሲሚያ ወይም ሲክል ሴል ያለ በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም የያዛቸው ይገኙበታል። ሲክል ሴል በደጋው ብርቅ ቢሆንም ወባ በሚበዛበት በምዕራቡ የአገራችን ክፍል፣ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አካባቢ ይታያል። ሄሞክሮማቶሲስ የተባለው የዘር በሽታ ደግሞ የአንጀቱን በር ጠባቂ ያበላሻል፤ እርሱ በብዛት የሚገኘው በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዟል። አንድ ሕመምተኛ 20 ከረጢት ቢወስድ ከ4 እስከ 5 ግራም ብረት ገብቶለታል፤ ይህም ሰውነቱ ቀድሞ የነበረውን በሙሉ እጥፍ ማድረግ ነው። ደሙ ሕይወቱን አትርፎለታል፤ አብሮት የገባው ብረት ግን መውጫ አጥቶ ይቀመጣል።

የደም ምርመራው ለምን አይበቃም?

የተለመደው ምርመራ ፌሪቲን ነው። ፌሪቲን ብረት የሚጠራቀምበት ፕሮቲን ሲሆን በደም ውስጥ ያለው መጠን ስለ ክምችቱ ፍንጭ ይሰጣል። ርካሽ ነው፣ በብዙ ላቦራቶሪዎችም ይሠራል፤ ሲያንስ የብረት እጥረት መኖሩን በደንብ ይነግረናል። ሲበዛ ግን ያሳስታል። ኢንፌክሽን፣ ብግነትና ማንኛውም የጉበት ሕመም ብረት ባይበዛም ፌሪቲንን ከፍ ያደርጉታል።

ሁለተኛው መንገድ በመርፌ ከጉበት ናሙና መውሰድ፣ ማለትም ባዮፕሲ ነው። ለረጅም ጊዜ እንደ ዋና መለኪያ ሲያገለግል ቆይቷል። ነገር ግን መድማት ሊያስከትል ይችላል፤ የሚወሰደው ቁራጭም ከጉበቱ 50 ሺህ እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። ብረቱ በጉበቱ ውስጥ እኩል ካልተሰራጨ አንዷ ቁራጭ ስለ ሙሉው ጉበት ልትዋሽ ትችላለች። በየዓመቱ እየደጋገሙ መውጋትም ለሕመምተኛው ከባድ ነው።

ኤምአርአይ ብረቱን እንዴት ያየዋል?

ኤምአርአይ ብረቱን በቀጥታ አያየውም። የሚያየው በጉበት ውስጥ ባለው ውኃ ውስጥ የሚገኙትን የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች ነው። ብረቱን የሚያውቀው በእነርሱ ላይ ከሚያደርሰው ረብሻ ነው።

ፕሮቶን እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በ1.5 ቴስላ መሣሪያ ውስጥ ያለው መስክ ከምድር መስክ ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል። በዚህ መስክ ውስጥ ፕሮቶኖች በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል እንደ እንዝርት ይዞራሉ። መሣሪያው አጭር የሬዲዮ ሞገድ ሲልክባቸው ሁሉም በአንድ ምት መዞር ይጀምራሉ፤ በዚያን ጊዜ አንድ ላይ ሆነው ጠንካራ ሲግናል ይሰጣሉ።

በሰርግ ቤት ጭብጨባ እናስበው። መቶ ሰው በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። ጥቂቶች ቢፈጥኑ፣ ሌሎች ቢዘገዩ ሁሉም እያጨበጨበም ቢሆን ምቱ ይጠፋል። በጉበት ውስጥ የተከማቸው ብረት የሚያደርገው ይህንን ነው። እያንዳንዱ የብረት ክምር በአካባቢው ያለውን መስክ ያዛባል፤ አጠገቡ ያሉት ፕሮቶኖች አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ሲግናሉ ቶሎ ይሞታል፣ ጉበቱም በምስሉ ላይ ይጠቁራል።

ሲግናሉ ወደ 37 በመቶ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ «ቲ-ሁለት-ኮከብ» ይባላል። የዚህ ግልባጭ፣ ማለትም 1 ለዚህ ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ፍጥነት፣ «አር-ሁለት-ኮከብ» ነው። ብረት ሲጨምር ጊዜው ያጥራል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ዉድና ባልደረቦቹ ይህን ፍጥነት ከባዮፕሲ ውጤት ጋር አነጻጽረው ቀጥተኛ ግንኙነት እንዳለው አሳዩ። በዚያው ዓመት ቲም ሴንት ፒየርና ባልደረቦቹ አውስትራሊያ ውስጥ በተቀራራቢ መንገድ የሚሠራ ሌላ ዘዴ አሳተሙ፤ እርሱም «ፌሪስካን» በሚል ስም በክፍያ ይሰጣል። ከዚያ ቀደም ብሎ በፈረንሳይ የሬን ከተማ ተመራማሪዎች የጉበትን ጥቁረት ከጡንቻ ጋር የሚያነጻጽር ዘዴ አውጥተው ነበር።

በቁጥር እንሞክረው

የሚከተሉት ቁጥሮች ለመልመጃ ያዘጋጀናቸው ናቸው። የአንድ ሰው ጉበት በ1.5 ቴስላ መሣሪያ ተነሳ እንበል። በ1.2 ሚሊሰከንድ ላይ ሲግናሉ 800 ነበር፤ በ3.6 ሚሊሰከንድ ላይ 241 ሆነ።

አንደኛ፦ 800ን ለ241 እናካፍል፤ 3.32 ይሆናል። የዚህ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 1.2 ነው።

ሁለተኛ፦ 1.2ን በመካከል ላለፈው 2.4 ሚሊሰከንድ እናካፍል፤ በሚሊሰከንድ 0.5፣ በሰከንድ 500 ይሆናል። አር-ሁለት-ኮከብ ይህ ነው። ቲ-ሁለት-ኮከብ ደግሞ 2 ሚሊሰከንድ ነው።

ሦስተኛ፦ በዉድ ቀመር 500ን በ0.0254 አባዝተን 0.202 እንደምርበታለን። ውጤቱ 12.9 ይሆናል፤ ይህም በአንድ ግራም ደረቅ ጉበት ውስጥ 12.9 ሚሊግራም ብረት አለ ማለት ነው።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? እስከ 1.8 ያለው እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። ከ3 እስከ 7 ቀላል፣ ከ7 እስከ 15 መካከለኛ ክምችት ነው። ከ15 በላይ ሲሆን ለልብ ሕመምና ለሞት የሚያጋልጥ ከባድ ክምችት ይባላል። ስለዚህ የእኛ ምሳሌ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ታላሲሚያ ባለባቸው ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት የጉበቱ ቁጥር በ10.6 ሲባዛ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ያለውን የብረት ክምችት በሚሊግራም ይሰጣል። ሰውየው 60 ኪሎ ቢመዝን ክምችቱ ከ8 ግራም ያልፋል፤ ይህ የሁለት ጤነኛ ሰዎች ብረት ነው።

ስህተት የሚገባባቸው ቦታዎች

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም አራት ነገሮችን የማይጠነቀቅ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

1. ብረቱ በጣም ከበዛ ሲግናሉ መሣሪያው ማዳመጥ ሳይጀምር ይሞታል። የመጀመሪያው ንባብ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጫጫታ ብቻ ነው፤ ጫጫታውን እንደ ሲግናል የቆጠረ ፕሮግራም ብረቱን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ በጣም የታመመውን ሰው «ደህና ነህ» ይለዋልና።

2. በ3 ቴስላ መሣሪያ ላይ ያው ጉበት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ፍጥነት ይሰጣል። የ1.5 ቴስላውን ቀመር እዚያ መጠቀም አይቻልም።

3. የሚለካው ቦታ ከትላልቅ የደም ሥሮች ርቆ መመረጥ አለበት፤ በጉበት ውስጥ ያለ ስብም ሲግናሉን ያወዛውዘዋል።

4. የጉበት ቁጥር ስለ ልብ አይመሰክርም። የልብ ብረት ለብቻው ይለካል፤ እዚያ ቲ-ሁለት-ኮከብ ከ20 ሚሊሰከንድ ካነሰ ብረት መግባቱን ያሳያል።

ከተለካ በኋላ፣ ስለ ሒጃማም አንድ ቃል

የተከማቸ ብረት በሁለት መንገድ ይወጣል። ሄሞክሮማቶሲስ ያለበት፣ ደም ያላነሰው ሰው በሐኪም ቁጥጥር ደም ይቀዳለታል። ደም በመውሰድ የተከማቸበት ሰው ግን ደሙ ራሱ ስለሚያንሰው ሊቀዳ አይችልም። ለእርሱ ብረቱን ይዘው በሽንትና በዓይነ ምድር የሚያስወጡ እንደ ዴፈሮክሳሚንና ዴፈራሲሮክስ ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ከልክ ሲያልፉ ደግሞ ራሳቸው ይጎዳሉ፤ ኩላሊትን፣ መስማትንና ማየትን ሊነኩ ይችላሉ። ሐኪሙ መጠኑን መቼ እንደሚጨምር፣ መቼ እንደሚቀንስ የሚያውቀው ጉበቱ ሲለካ ነው። ልኬቱ ከሁለቱም ጉዳት የሚጠብቅ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

በግቢያችን ሒጃማ የሚያደርጉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። የሒጃማን ደረጃ በዲናችን እናውቃለን፤ እዚህ የምንናገረው ስለ ብረት ስሌቱ ብቻ ነው። አንድ ሚሊሊትር ደም ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት አለው። ለምሳሌ 50 ሚሊሊትር ደም ቢወጣ 25 ሚሊግራም ብረት ወጣ ማለት ነው። 5 ግራም ትርፍ ብረት ላለበት ሰው 200 ጊዜ ማድረግ ሊጠይቅ ነው፤ በዚያ ላይ ደም ያነሰውን ሕመምተኛ ያዳክመዋል። ስለዚህ ደም የሚወስድ ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር ሒጃማን የብረት ሕክምና ሊያደርገው አይገባም። በተቃራኒው ሒጃማ የሚያዘወትር ወይም ደም አዘውትሮ የሚለግስ፣ በተለይም የወር አበባ የምታይ እህት፣ ብረት እንዳያንሳት ትጠንቀቅ። አንድ ጊዜ 450 ሚሊሊትር መለገስ 225 ሚሊግራም ብረት ይወስዳል። የአይረን እንክብልንም ቢሆን ሳይመረመሩ ለወራት መዋጥ ልክ አይደለም።

ለምርመራው ስንሄድ

ምርመራው ጨረር የለውም፤ ብረትን ብቻ ለመለካት ከሆነ የሚወጋም የሚጠጣም ነገር አያስፈልግም። እስትንፋስን ለ15 ወይም 20 ሰከንድ ያህል መያዝ ይጠይቃል። ስለ ጾም ጥያቄ ያለው ሰው ዓሊሞቻችንን ይጠይቅ፤ ከሕክምናው በኩል ግን ወደ ሰውነት የሚገባ ነገር የለም።

እህቶች የሒጃብ ስፒልና በተለይም ማግኔት ያለውን የሒጃብ መያዣ ከክፍሉ ውጭ ማስቀመጥ አለባቸው። የብረት ክር የሌለው ተራ የጥጥ ሻሽ ይዞ መሄድ መፍትሔ ነው፤ ቀድሞ ለባለሙያዋ መንገርም ይጠቅማል። ወንድሞች ቁልፍ፣ ሳንቲምና የቀበቶ ዘለበት ያውጡ። በሰውነቱ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ የብረት ስብርባሪ ወይም የተተከለ ብረት ያለው ሰው ሳይደብቅ ይናገር። በብየዳና በብረት መቁረጥ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ዓይኑ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ከሆነ ይህንንም መግለጽ ግዴታው ነው፤ በሰፈራችን ይህ ሥራ ብዙ ሰው የሚተዳደርበት ስለሆነ ለቤተሰብና ለጎረቤት እንንገር።

እኛስ ምን እንሥራ?

በአዲስ አበባ የኤምአርአይ መሣሪያዎች በመንግሥትም በግልም ተቋማት አሉ። መሣሪያው መኖሩ ግን ብቻውን ቁጥር አይሰጥም። ትክክለኛው የአነሳስ ቅደም ተከተል መመረጥ አለበት፣ ምስሉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ስሌት መሠራት አለበት፣ ስሌቱም መረጋገጥ አለበት። ይህ የምህንድስና ሥራ ነው። የሶፍትዌር ተማሪ ከላይ ያየነውን ስሌት ጫጫታውን እየለየ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚያሰላ ፕሮግራም መጻፍ ይችላል። የኬሚካል ተማሪ የታወቀ መጠን ያለው ማንጋኒዝ ክሎራይድ በብልቃጥ አዘጋጅቶ መሣሪያው ትክክል መለካቱን የሚፈትሽ ናሙና መሥራት ይችላል። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የምትፈልጉ ሁሉ ከመምህራኖቻችሁ ጋር ተማከሩበት።

መልመጃ እንተውላችሁ። በ1.5 ቴስላ፣ በ1.2 ሚሊሰከንድ ሲግናሉ 600፣ በ2.2 ሚሊሰከንድ ደግሞ 221 ከሆነ የጉበቱ ብረት ስንት ነው? ደረጃውስ የትኛው ነው? 25.6 አካባቢ ካገኛችሁ ትክክል ሠርታችኋል፤ የዚህ ሰው ጉዳይ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም።

አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን፤ ሕሙማኖቻችንንም ይማርልን።